ግራና ላይ የተቀዳው ድምፅ

መርሳ ስወርድ መጀመሪያ የተቀበለኝ የዘይቱን ሽታ ነው። የበሰለ፣ ትንሽ ያለፈበት፣ ፀሐይ የመታው የዘይቱን ሽታ። ሴቶቹ እንደ ድሮው በአስፋልቱ ዳር በሳፋ ደርድረው ተቀምጠዋል፤ ማንጎውም፣ ፓፓያውም፣ ሙዙም አለ፤ ለእኔ ግን መርሳ ማለት ዘይቱን ነው። ድሮ በአንድ ብር የነጠላዬን ጫፍ ሞልተው ይሰጡኝ ነበር። አሁን አንዲት ልጅ ጥቂት ፍሬ በፌስታል አድርጋ ሃምሳ ብር ስትለኝ ቀና ብዬ አየኋት። «እናቴ፣ ካልገዙ ሽታው በነፃ ነው» አለችና ከጎረቤቷ ጋር ተሳሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ብዙ ዓመት መርሳ ወርጄ አላውቅም ነበር፤ ደሴ ስሄድ እንኳ መኪናው እዚያ ሲቆም መጋረጃውን ስቤ ዓይኔን እጨፍን ነበር። የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ።

ይህን ጊዜ የመጣሁት ተጠርቼ ነው። ከግራና ከፍ ብሎ የብርቱካን አትክልት የነበረው እንድሪስ የሚባል ሽማግሌ ሞተ። በተቀበረ በሦስተኛው ቀን የአገሩ ሽማግሌዎች ሰው ልከው «ዋሷ ትምጣ» አሉ። ዋሷ እኔ ነኝ። ዋስነቴ ከምን እንደመጣ ለመናገር ግን ከሟቹ ሳይሆን ከአንድ የዶክትሬት ተማሪ መጀመር አለብኝ። ዛሬ ስሙ በየአዳራሹ ስለሚጠራ፣ ስለ ትምህርት ጉዞው የሚያወራ ሰው ስለበዛ፣ የማውቀውን እኔም ላውራ።

ታደለን ያወቅሁት ወልዲያ ኮሌጅ ሳስተምር ነው። የማስተምረው የቤተ መጻሕፍት ሙያ ነበር፤ ያን ጊዜ ሰው «መጽሐፍ ጠባቂ ለመሆን ደግሞ ትምህርት አለው እንዴ?» ብሎ ይስቅብን ነበር። ክፍላችን ከፒያሳ ትንሽ ዝቅ ብሎ ካለው የካሴት ቤት ፊት ለፊት ነበር። ከጧት እስከ ማታ ትዝታ ይለቀቅበታል፤ ባለቤቱ ደስ ሲለው ደግሞ አምባሰል። በእንጨት መሳቢያ የተደረደሩትን ካርዶች በጣቴ እየገለጥኩ «ደራሲው በስሙ፣ መጽሐፉ በርእሱ፣ ጉዳዩ በጉዳዩ» ስል ማሲንቆው ከኋላዬ ያጅበኝ ነበር። ሻይ አንድ ብር ከሃምሳ፣ ፎቶ ኮፒ ገጹ በሃምሳ ሳንቲም፣ ከወልዲያ መርሳ በሚኒባስ ጥቂት ብር። ታደለ ዓመቱን ሙሉ የሚለብሳት ቡኒ የኮርዶሮይ ኮት ነበረችው፤ ክርኗ ላይ ተበልታ ነጥታለች። ጎበዝ ነበር። ይህን አልነፍገውም። ካርድ ሲጽፍ እጁ አይንቀጠቀጥም፤ የአንድን ነገር ስም ሳያገኝ አይተኛም። መጽሐፍ ከመደርደሪያው ከጠፋ ምሳውን ትቶ ይፈልጋል። ያን ጊዜ ደስ ይለኝ የነበረ ጠባይ ነው።

የመጀመሪያ ዲግሪውን ሲጨርስ እኛው ዘንድ ረዳት አድርጌ አስቀረሁት። ቀጥሎ ለሁለተኛ ዲግሪ አዲስ አበባ ሄዶ ተመለሰ። ከዚያ የዶክትሬት ዕድል መጣ፤ አንድ ሰው ብቻ። አስቀድሜ ያመለከትኩት እኔ ነበርኩ፤ ሁለተኛ ዲግሪዬን ከሱ በፊት ይዤ፣ በማስተማርም እሱን ራሱን ያስተማርኩ ሰው ነበርኩ። የኮሌጁ ኃላፊ ቢሮው ጠርቶ ለስላሳ አዘዘልኝና «እትዬ ስንዱ፣ እርስዎ እኮ ምሰሷችን ነዎት። እርስዎን ልከን ይህ ቤት በምን ይቆማል?» አለኝ። ምሰሶ ማለት የማይሄድ ማለት እንደሆነ የገባኝ ከቢሮው ወጥቼ ደረጃው ላይ ነው። ታደለ በማግሥቱ መጥቶ «እርስዎ ነዎት እዚህ ያደረሱኝ» ብሎ እጄን ሊስም አጎነበሰ። እጄን አልነሣሁትም። ስለዚያ ወቅት ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ የቤቴ ጉዳይ ስላለበት።

የዶክትሬት ትምህርት ከሩቅ ሲያዩት ማዕረግ ነው፤ ከቅርብ ሲያዩት ግን ልመና ነው። ታደለ በየክረምቱ ወልዲያ ሲመጣ ከስቶ፣ ጠቁሮ ይመጣል። ርእስ ያቀርባል፣ አማካሪው ይጥልበታል። «ስለ መጻሕፍት ያልተጻፈ የለም፤ አዲስ ነገር አምጣ» ይሉታል። በመጨረሻ ያመጣው አዲስ ነገር የእኔው የትውልድ አገር ሆነ። በቃል ብቻ የሚኖረውን የሐብሩ ወረዳን፣ የመርሳንና የግራናን ሽማግሌዎች እውቀት ቀድቶ፣ አደራጅቶ፣ ፈላጊ እንዲያገኘው ማድረግ። ሐሳቡን ሲነግረኝ እውነቱን ለመናገር ቀናሁ። መልካም ሐሳብ ነበር። «ግን የሚያስገባኝ ሰው የለም፤ እትዬ፣ እኔ ለግራና ባዕድ ነኝ» አለኝ። እኔ ባዕድ አልነበርኩም።

በኛ አገር ደም ሲፈስ፣ ፍርድ ቤት የማያደርቀውን የሚያደርቁ አበጋር የሚባሉ ሽማግሌዎች አሉ። እስላም ክርስቲያኑ ይሰማቸዋል። ገዳዩ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ መሬት ይንበረከካል፤ የሟች ወገን ድንጋዩን ካነሣለት ነገሩ ያበቃል፤ ይቀበራል። ከዚያ ወዲያ ማን ማንን እንደገደለ አይነሣም። በሠርግ አይነሣም፣ በጠብ አይነሣም፣ በስካር እንኳ አይነሣም። ገበያ ሙሉ ሰው ያውቃል፤ ገበያ ሙሉ ሰው ዝም ይላል። አገሩ የቆመው በዚህ ዝምታ ላይ ነው።

ታደለን ይዤ የሄድኩት አበጋር ሁሴን ዘንድ ነበር። ከትልቁ ዋርካ ሥር ቁርበት ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ከሰላምታው በኋላ የድምፅ መቅጃውን በከዘራቸው ጫፍ ነካ አደረጉት።

«ይኼ ነገር ይሰማል?»

«ይሰማል፣ አበጋር። ያስቀምጣልም» አለ ታደለ።

«ሰውም ይሰማል፤ ያስቀምጣል። ዝም ማለትስ ያውቅበታል ወይ?»

ታደለ ሳቀ። «ያውቅበታል። ስም አናወጣም።»

አበጋር ግን ወደ እኔ ዞሩ። «ስንዱ፣ ስም ሳልጠራ ባወራ ወሬው ይሰነካከልብኛል፤ እጠራለሁ። ስሙ ግን ከዚህ ጥላ አይወጣም። አንቺ ዋስ ትሆኚያለሽ?»

«እሆናለሁ» አልኳቸው።

ብዙ ነገር ተናገሩ። ከሁሉ የከበደው የአሊና የእንድሪስ ነገር ነው። ሁለቱ በመሬት ጎረቤት ነበሩ። በመስኖ ውኃ ተራ ተጣልተው እንድሪስ ተኮሰ፤ አሊ ወደቀ። አሊ ገና ጡት ያልጣለ፣ ይመር የሚባል ልጅ ነበረው። አበጋር ሁሴን ደሙን ሲያደርቁ ገንዘብም ከብትም አልበቃ ብሏቸው፣ እንድሪስ አውራ ጣቱን ማር ቀብቶ ሕፃኑን እንዲያጠባው አደረጉ። ይመር የገዳዩ የጡት ልጅ ሆነ። እንድሪስ ከልጆቹ ለይቶ አላየውም፤ ይልቁንም አብልጦ ያዘው። ልጁ ሲጠይቅ «አባትህን ጎርፍ ወሰደው» ተባለ፤ ከመርሳ እስከ ግራና ያለ ሰው ሁሉ ጎርፍ አለ። እኔም ይመርን አውቀው ነበር። በብርቱካኑ ዋጋ እንድሪስ የገዛለትን ባጃጅ መርሳ ላይ ይነዳ ነበር፤ ከኋላዋ መስተዋት ላይ «የአባቴ ምርቃት» ብሎ አጽፏል። አባቴ የሚለው እንድሪስን ነው።

ታደለ የቀዳውን ሁሉ አደራጅቶ ኮምፒውተር ላይ ሲጭን ወራት ፈጀ። አንድ ቀን ቢሮዬ መጥቶ፣ ኮርዶሮይዋ ቀርታ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ማሽኑን ከፈተልኝ። «ስም ይጻፉ» አለኝ። እጄ የጻፈው አሊን ነው። የአበጋር ሁሴን ድምፅ፣ ያ ሻካራ የእርጅና ድምፅ፣ ከነገዳዩ ስም፣ ከነልጁ ስም ክፍሉን ሞላው። ተነሥቼ በሩን ዘጋሁ።

«ይህን ስም አውጣ።»

«እትዬ፣ ስሙን ካወጣሁት በምን ይፈለጋል? የጥናቱ አዲስ ነገር እኮ ይኸው ነው። አማካሪዬ በስም የማይገኝ ነገር እንደሌለ ይቆጠራል ብሎኛል። ደግሞ ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ያስተማርኩህ መጽሐፍ ነው። መጽሐፍ ወንድም የለውም፤ ልጅ የለውም። ዋስ ነኝ እኮ፣ ታደለ!»

«እሺ፣ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት አወጣዋለሁ። እናቴን!» አለ። በእናቱ ማለልኝ። እናቱን አውቃት ነበር፤ ደግ ሴት ነበረች።

ስብስቡ ለሕዝብ የተከፈተው መርሳ ላይ፣ የወጣቶች መዝናኛ በነበረው አዳራሽ ነው። ባለሥልጣን መጣ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ለስላሳ ቀረበ። ከወልዲያ የመጡትን እንግዶች ከመናኸሪያው በነፃ ያመላለሰው ይመር ነበር። ታደለ መድረክ ላይ ሆኖ ስለ ተደራሽነት ሲናገር፣ ወጣቶቹ ማሽኑ ፊት ተሰልፈው አየሁ፤ ይመርም ሰልፉ ውስጥ አለ።

«አንተ ደግሞ ምን ልትፈልግ ነው?» አልኩት።

«አባቴን፣ እትዬ። የወለደኝን። ደግ ሰው ነበር ያለለት ካለ ልስማ ብዬ» አለና በሁለት ጣቱ ፊደል እየለቀመ መጻፍ ጀመረ።

ታደለ ቃሉን ጠብቋል ብዬ ቆምኩ። ወላሂ ከእስላሙ፣ በማርያም ከክርስቲያኑ የምሰማው መሐላ ሁሉ ያን ቀን በልቤ አለፈ። ከዚያ ፊቱን አየሁት። ሽቦውን ልነቅል ስደርስ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ፣ እንዳይሰበር የተጠነቀቀ ይመስል፣ ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«እትዬ» አለኝ፤ «ጎርፍ አይደለም እንዴ?»

አዳራሹ ውስጥ የነበረ የግራና ሰው ሁሉ እግር እግሩን አየ። ይመርም እነሱን አየ። አንድ ሰው እንኳ ቀና ብሎ «ጎርፍ ነው» ቢለው ያምን ነበር ብዬ አስባለሁ። ማንም አላለውም። መድረኩ ላይ ጭብጨባ ነበር። ይመር ባጃጇን እስከ እንድሪስ አትክልት ድረስ ነዳ፣ ቁልፏን በሩ ድንጋይ ላይ ትቶ፣ ሳይገባ፣ በእግሩ ወደ አፋር ቆላ ወረደ አሉ። እንድሪስ ቁልፉን አይቶ የሆነውን አወቀ። ልጆቹ መሣሪያ ይዘው ሊጠብቁት ሲሉ ከለከላቸው። «ይምጣ» አለ፤ «መንገዱን ያውቀዋል።» ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በራፉ ላይ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ ይቀመጥ ነበር።

ታደለ ጥናቱን ተከላከለ፤ ዶክተር ተባለ። ጥራዙ ሲደርሰኝ ከፊቱ የምስጋና ገጹን ፈለግሁ። «መንገድ ላሳዩኝ የአካባቢው ሰዎች» ይላል። እኔ ነኝ ማለት ነው። ወደ ውስጥ ገለጥኩ፤ ስለ መክፈቻው ቀን የተጻፈ አለ። ተጠቃሚዎች የፈለጉትን በቀላሉ እንዳገኙ ታይቷል ይላል። ይመር ነው። በዚያ ዓረፍተ ነገር ላይ ማዕረግ ተሰጠ፤ በዚያ ላይ ረዳት ፕሮፌሰር፣ በዚያ ላይ ተባባሪ ፕሮፌሰር ተደረበ። ውጭ አገር ተጠርቶ ስለ ሐብሩ ሽማግሌዎች ያስረዳል አሉ። አበጋር ሁሴን እሱ ባስረዳባቸው ዓመታት መካከል ሞቱ። ግራና ለለቅሷቸው ስሄድ ድንኳኑ ውስጥ ቦታ የለቀቀልኝ ሰው አልነበረም። ቆሜ አልቅሼ ተመለስኩ።

ከዚያ ያ የመከራ ጊዜ መጣ። ማን መጣ፣ ማን ሄደ የሚለውን ሌላ ይጻፈው። የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት በር ተገንጥሎ፣ ካርዶቼ በግቢው እንደ ገለባ ተበትነው፣ መሳቢያዎቹ ለማገዶ ሆነው አገኘኋቸው። ካሴት ቤቱ የለም። ወደ ሐራ የተዘረጋው ሐዲድ ባቡር ሳይመጣበት ሣር ዋጠው። የመርሳው ማሽንም ተወሰደ። እፎይ ብዬ ነበር፤ ቢያንስ ያ ድምፅ ጠፋ ብዬ። አልጠፋም። ታደለ አዲስ አበባ ቅጂ አስቀምጦ ኖሯል። ከዚህ አገር ከተጻፈው ሁሉ የተረፈው እሱ ብቻ ሆነ። ይመርም በዚያው መከራ መሐል ተመለሰ፤ እንደ አገሩ ወጣት ሁሉ ጠመንጃ በትከሻው። ውርጌሳ ቤት ተከራይቶ፣ በየገበያው ቀን በእንድሪስ በር ያልፋል፤ ዞር ብሎም አያይም። ሽማግሌው ይነሣለታል፤ እሱ ያልፋል። የእንድሪስ ልጆችም መሣሪያ ገዙ። እንዲህ ሆኖ ዓመት ዓመትን ተካ።

አሁን እንድሪስ በዕድሜው፣ በአልጋው ላይ ሞተ። ሰው እንደሚያስበው ሞቱ ነገሩን አላቀለለውም። እሱ በሕይወት ሳለ የይመር ቂም አንድ አድራሻ ነበረው፤ የሚያሳዝን፣ ያጎረሰው፣ ያሳደገው አድራሻ። ሲሞት ደሙ ወደ ልጆቹ ዞረ፤ እነሱን ደግሞ ይመር ከአንድ ትሪ እየበላ ያደገ ቢሆንም፣ እጃቸው እንደ እጁ የወጣት ነው።

ለቅሶ ቤቱ ስደርስ ሰዉ ቦታ ለቀቀልኝ። ይህ ራሱ አስፈራኝ። የእንድሪስ ልጆች በአንድ ወገን፣ ይመር ለብቻው በሌላው ወገን ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ይመር ጠመንጃውን ይዞ አልመጣም። ከጎኔ የነበረች ሴት በጆሮዬ «ባዶ እጁን መምጣቱን አልወደድኩትም» አለችኝ። አበጋር ሁሴንን የተኩት ሸህ ይማም ዱዓውን ጨርሰው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እትዬ ስንዱ፣ አንቱን ያስጠራነ ለነገር አይደለም። ይህ ደም ደርቆ ነበር፤ ይመርም ሕፃን ሆኖ ማሩን ጠብቷል። ያረጠበው ሌላ ሰው ነው። በአባቶቻችን ሥርዓት የደረቀ ደም ያረጠበ እንደ ገዳይ ይቆጠራል። ድንጋዩን ተሸክሞ እዚህ ይምጣ፤ ድምፁንም ያጥፋ። ይህ ከሆነ ይመር ከወንድሞቹ ጋር ይጨባበጣል። ብሎናል። አይደለም ወይ፣ ይመር?»

«ብያለሁ» አለ ይመር።

«ካልመጣስ?» ብዬ ጠየቅሁ።

ሸህ ይማም የሙስባሃቸውን ዶቃ መቁጠር ጀመሩ።

ወደ አትክልቱ ወጣሁ። የእንድሪስ ብርቱካኖች በሽታ ገብቷቸው ግማሾቹ ደርቀዋል። ስልኩን ደወልኩ። ታደለ ድምፄን ሲሰማ በእውነት ደስ አለው። «እትዬ! እኔም ልደውልልዎ ነበር። ቅዳሜ ጧት ወልዲያ፣ ኮሌጁ አዳራሽ ነኝ። ስብስቡን በስልክ ልንለቀው ነው፤ ማንም ሰው ቤቱ ተቀምጦ ስም ጽፎ መስማት ይችላል። ዋናው በር በጥበቃ ስለሚያዝ እንግዶች የሚገቡት በጎን በኩል ነው፤ ከፊት ወንበር ይዘንልዎታል።»

የተባለውን ሁሉ ነገርኩት። ሳላለዝብ፣ ሳልቆነጥር። እስኪያልቅ ሰማኝ። ከዚያ ሳቀ፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም፣ የተጨነቀ ሰው ሳቅ ነበር።

«ድንጋይ ልሸከም? እትዬ፣ እኔ እኮ አልገደልኩም።»

«አንተ ራስህ የአገሩን ሥርዓት የጻፍክ ሰው ነህ። የሚሉህ ይገባሃል።»

«ይገባኛል። ግን ዘመኑን አይተውታል? አንዱ ፎቶ አንሥቶ ቢለቀው ምን እሆናለሁ? ድምፁም የእኔ ብቻ አይደለም፤ የዩኒቨርሲቲው ነው። አንዴ የተቀመጠ ቅርስ አይጠፋም።»

«ስሙን ብቻ አውጣው። እንደማልክልኝ።»

«አሁን መሽቷል፣ እትዬ» አለኝ። «ሰላም በሉልኝ።»

ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም ነበር።

ስመለስ ማንም አልጠየቀኝም፤ ፊቴን አዩት። «እምቢ አለ። ወልዲያ ይመጣል እንጂ ወደዚህ አይመጣም» አልኩ። ሸህ ይማም «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ብለው ሙስባሃቸውን ጭናቸው ላይ ጣሉት። ከእንድሪስ ልጆች ታናሹ ዓይኑን ወደ በሩ ላከ፤ መሣሪያዎቹ የት እንደተቀመጡ ያየ መሰለኝ። ሴቶቹ ልጆቻቸውን ወደ ጉያቸው ሳቡ። በዚህ መሐል ይመር ብቻ ነበር የተረጋጋው።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ይህ ሰው መቼ ነው የሚመጣ አሉኝ?»

ሽማግሌዎቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። በሙያችን አንባቢ መጥቶ ሲጠይቅ፣ ለምን እንደፈለገው አይጠየቅም። ያለው ይነገረዋል፤ የሌለው የለም ይባላል። ይህን ሳስተምር ነው የኖርኩት።

«ቅዳሜ ጧት» አልኩት። አዳራሹንም ነገርኩት። ዋናው በር በጥበቃ ስለሚያዝ እንግዶቹ የሚገቡት በጎን በኩል እንደሆነም ነገርኩት።

«አላህ ይስጥልኝ» ብሎ ተነሣ። የእንድሪስ ልጆች ተያዩ። ከዚያ ታላቁ ተነሣ፣ ታናሹም ተከተለው። በሩ ላይ፣ ከዚያ ሁሉ የለቀስተኛ ጫማ መሐል የራሳቸውን እየፈለጉ ሲያጎነብሱ፣ ይመር ውጭ ቆሞ እንደ ልጅነታቸው ጊዜ ጠበቃቸው።